የትልቁ ሞተር ብሎኖች

መስከረም 20

ለምወድህ የአክስቴ ልጅ፣ ለምራቂ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ጠባብ ጓዳ ተነስቶ ካለህበት ሰፊ አገር በደህና ይግባ። አንተ ደህና ከሆንክ እኛም ደህና ነን እንዳልልህ አባባ ውሸት አይወዱም። ስለዚህ ከፋፍዬ ልንገርህ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ አባባ ደህና አይደሉም።

በደብዳቤ የመጣሁብህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በደወልክ ቁጥር ስልኩን ነጥቀውኝ «እኔ ብረት ነኝ፣ አንተ ብቻ በደንብ ብላ» ይሉሃል፤ አንተም ታምናቸዋለህ። ልንሾካሾክ ብንል ደግሞ የዚህን ቤት ግድግዳ ታውቀዋለህ፤ ጆሮ ብቻ ሳይሆን አፍም አለው።

የአጥንቱ ሕመም ብሶባቸዋል። ነርሷ ማስታገሻውን በአንዴ ስትወጋቸው እንደ ሬሳ ይተኛሉ። ሲለቃቸው ደግሞ ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ቁጣ ጸጥ ያሰኝ የነበረ ሹፌር ትራስ ነክሶ ያለቅሳል። በመተኛቱና በማልቀሱ መሀል ምንም የለም። ባለፈው ሲነቁ ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ እኔ'ኮ ወይ ጋራዥ ነኝ ወይ ገደል። መንገድ ላይ የምሆነው መቼ ነው?»

መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ቢገባላቸው ነቅተው፣ ሳያማቸው፣ ሰው ሆነው መዋል ይችላሉ። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሲሪንጁን ታቅፎ ቀስ እያለ ይገፋዋል። እኛ ሆስፒታል ሁለት አሉ። ሁለቱም ሲበላሹ የምጠግናቸው እኔ ነኝ፤ ከግቢ ግን አይወጡም። እናም ራሴ ልሠራ ተነሥቻለሁ። አትሳቅ። ሆዳቸውን ከፍቼ ስዘጋ ነው የኖርኩት፤ አሠራራቸው ምን ይጠፋኛል?

አካሉን ከአሮጌ የመስኮት አሉሚኒየም፣ ሐዲዱን ከተጣለ ፕሪንተር አወጣሁ። ባለጥርሱን ዘንግ ቶርኖ ቤት አስጠርቤ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ላሜራም እዚያው አስቆርጫለሁ። ዞሬ ዞሬ ያጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የክብሪት ቤት የምታህል፣ በልክ በልክ እየተራመደች የምትዞር ትንሽ ሞተር፤ ሁለተኛው ግፊት የሚለካ፣ ጥፍር የሚያክል ሴንሰር። የሞዴል ቁጥራቸው ከዚህ ወረቀት ጀርባ ተጽፏል። አንተ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነህና ለአንተ ከደጅ አፈር እንደ መዝገን ነው።

አደራህን፣ ያልኩህን ብቻ ላክ። ስሙ የወጣልህ ስኳር ግዛ ስትባል ባለሱቁን ምራቂ ሳታስጨምር አልመለስ እያልክ ነው። ይሄ ግን ስኳር አይደለም።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ።

የአጎትህ ልጅ፣ እታለም


ኅዳር 3

ለእታለሜ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

ናፍቆቴ ከዚህ ብርድ በርትቶ እንደሚያንቀጠቅጠኝ እወቂልኝ። እንዴት ነሽልኝ? ጋሼስ? ደብዳቤሽን ምሳ ላይ ሆኜ አነበብኩት፤ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። አባቴን እኔ የት አውቀዋለሁ? አባት ማለት ለእኔ ያን የአውቶቡስ ሞተር ክዳን ጨርቅ አንጥፈው፣ እላዩ ላይ አስቀምጠው ከተማውን ያዞሩኝ ሰው ናቸው። የእናቴ ነፍስ ትመስክር፤ ለጋሼ የሚሆን ነገር አልሰስትም።

ያልሽውን ትንሽ ሞተር አገኘሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ። ልጁ ከውጭ አገር አሻንጉሊት ላከ ይባል? እኔ ራሴ አላደርገውም። በእሱ ፈንታ አራት እጥፉን፣ የፋብሪካ በር የሚጎትት ሞተር ልኬልሻለሁ። የሚታሰርበትን አራት ጥቁር ብሎኖችም በላስቲክ ጠቅልዬ ጎኑ ላይ አጣብቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ የብሎን ጥርስ እዚያ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ሴንሰሩ ግን አስቸጋሪ ነው። የሚሸጡት ለድርጅት እንጂ ለግለሰብ አይደለም፤ ለድርጅትም ቢሆን በጥቅል እንጂ በፍሬ አይደለም። እኛ መጋዘን መሳቢያ ሙሉ አለ። ሁሉም ግን ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ ነው የሚወጣው፤ አንዷን ኪሴ ብከት በዚያው ያባርሩኛል። ያውም እዚህ ስሜን የሚያውቅ ሰው ያለ እንዳይመስልሽ። «የሦስተኛው መደርደሪያ ሰውዬ» ነው የሚሉኝ። በስተርጅና ደግሞ «የተባረረው ሌባ» ከምባል መደርደሪያው ይሻላል።

ሌላ መንገድ አላጣም። ጋሼን እግራቸውን ሳሚልኝ።

ምራቂያችሁ


ኅዳር 26

ለምራቂ፣ ልብህ ለማይጠበው ሰው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሞተርህ ደርሷል። ያመጣው መንገደኛ ትከሻውን እያሻሸ «እህቴ፣ ከዚያ ድረስ ድንጋይ ታሸክሚኛለሽ እንዴ?» አለኝ።

ትንሽ ብዬህ ትልቅ ላክህ። መልሼ ላስቀምጠው ስል አባባ «ምራቂ የላከውማ ይገባል!» ብለው ፈረዱ። በእሳቸው ቤት እንግዳ ያመጣው አይመለስም። ስለዚህ ያንን ቆንጆ ላሜራ አራት ቦታ በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼለት በአራቱ ጥቁር ብሎኖችህ አሰርኩት። ገፋ፤ መግፋቱን ማን ይክዳል? ሲሪንጁን ሰብሮ ነው የገፋው። ባትሪውን ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ ተኛ። ሲነኩት ደግሞ ያቃጥላል። አባባ «ጎኔ አድርጊልኝ፣ ለወገቤ ጥሩ ነው» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ አመማቸውና አቆሙ።

ፈታሁት። ብሎኖቹን የሰው ዕቃ አደራ ስላለብኝ በላስቲካቸው መልሼ ጠቀለልኳቸው። ከቁራሌው ክምር ውስጥ ሌላ የፕሪንተር ሞተር አገኘሁ፤ ያቺኑ የክብሪት ቤት የምታህል። መሀል ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቼ ገጠምኳት፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ትሄዳለች። የአንተ አራት ቀዳዳዎች ግን ላሜራው ላይ ቀሩ። ሌላ እንዳላስቆርጥ ቶርኖው ቀጠሮ ሲሰጥ እንደ ዳኛ ነው። እናም ለምንም የማይሆኑ አራት ቀዳዳዎች አሉኝ፤ ባየኋቸው ቁጥር አንተን አነሣለሁ፣ አንዳንዴም በደግ።

አሁን የሚቀረኝ ሴንሰሩ ነው፤ ያለእሱ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሐኪማቸው ቤት ድረስ መጥታ አየችው። አገላብጣ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችውና ወደደችው። ከዚያ ቱቦውን በሁለት ጣቷ አጠፈችው። ሞተሯ መግፋቷን ቀጠለች።

«አየሽ?» አለችኝ። «ቱቦው ትራስ ሥር ቢታጠፍ መሣሪያሽ አያውቅም። መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ ሲቃና በአንዴ ይገባል። ያን ቀን አባትሽን የገደልሽው አንቺ ነሽ። ሲታፈን ራሱን የሚያቆም አድርጊውና እኔው በእጄ እገጥምላቸዋለሁ።»

ልክ ናት፤ አልተቀየምኳትም። ሴንሰሩ ከሲሪንጁ ጀርባ ተቀምጦ ግፊቱ ሲበዛ «በቃ» የሚል ነው። ሞተር አልፈልግም፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ፍሬ። ያለ ምራቂ፣ አንድ ብቻ።

እታለም


ታኅሣሥ 18

ለእታለሜ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ለጋሼ የማልተኛ መሆኔን ንገሪያቸው። በሞተሩ አትቀየሚኝ፤ ትንሽ መስጠት እጄ አያውቅበትም።

አሁን ግን በር አግኝቻለሁ። እኛ ዘንድ አዳዲስ መሣሪያ የሚነድፉ ሰዎች ያሉበት ክፍል አለ። ለሙከራ ከሆነ ከመሳቢያ አንድ ሁለት ዕቃ ማስወጣት ይችላሉ። የክፍሉን አለቃ ሊፍት ውስጥ አግኝቼ ነገርኩት፤ «ለምን እንደሚውል ካላየሁ አልፈርምም» አለኝ። ስለዚህ የመሣሪያውን ንድፍ ላኪልኝ። ሁሉንም፣ ምንም ሳታስቀሪ። ንድፉ ከመጣ ሴንሰሩ መጣ በይ።

ምራቂ


ጥር 8

ለምራቂ፤

እንኳን አፍህ ተከፈተልህ። ሊፍት ውስጥ አለቃ ያናገረ ሰው ከእኛ ቤት ወጣ ብዬ ለአባባ ነገርኳቸው፤ «ድሮም ከፊት ወንበር ነበር የሚቀመጠው» አሉኝ።

ንድፍ አልክ። እኔ መቼ ነድፌ አውቃለሁ? ሰው አስቦ ይሠራል፣ እኔ ሠርቼ ነው የማስበው። ስለዚህ መሣሪያውን ብሎን በብሎን ፈታሁና እያንዳንዱን ክፍል ወረቀት ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ ዞርኩት፤ ልጆች ሆነን መዳፋችንን ደብተር ላይ ዘርግተን እንደምንዞረው። ጠርዙንም፣ ቀዳዳውንም፣ ቶርኖው ያበላሸውንም እንዳለ ነው ያወጣሁት። ጎን ጎኑን ልኩን ጽፌበታለሁ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስሠራ አባባ ወንበር አስጠግተው ወረቀቱን ይዘውልኝ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣልና አንዱ መስመር ተወላግዷል፤ እሱን አቃናው። ሌላውን አትንካ።

ዝም ብዬ የምጠብቅህ እንዳይመስልህ። ከጎረቤት የተሰበረ ሚዛን ለምኜ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን መለኪያ አውጥቼ ከሲሪንጁ ጀርባ ገጠምኩት። የጭነት መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር «ቱቦው ታጠፈ» ብሎ ይቆማል። ቱቦውን አንቄ ስይዘው ግን ምንም አይመስለው። ቁራሌው ጋ ሄጄ ደግሞ ክምሩን ስገለብጥ «እህት፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ። ግፊት የሚያውቅ ነገር አልኩት። «በይ እኔን ውሰጂኝ! ባለቤቴ ከነእናቷ እኔ ዘንድ ነው ያሉት» አለ። አባባ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። የሳቁት ከማስታገሻው በፊት ስለነበር ዋጋውን ከፈሉ።

ወረቀቶቹ አሥራ አንድ ናቸው። እንዳታጥፋቸው።

እታለም


የካቲት 27

ለምራቂ፤

ሰላም ነህ ወይ? ወረቀቶቹ አልደረሱህ ይሆን? መንገደኛው በእጅህ እንደሰጠህ ምሎ ነግሮኛል። ስልክህን ብደውል አይነሣም። አባባ «የምራቂ ዕቃ ደረሰ?» ማለቱን ትተዋል። መተዋቸው ከመጠየቃቸው ይልቅ ያስፈራኛል። ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሄዱት ደግፌያቸው ነው፤ እኔ ሥራ ስሆን አይሄዱም።

ባይሳካም አልሆነም በለኝ። አልሆነም ማለት ነውር አይደለም።

እታለም


ሚያዝያ 14

ውድ እህቴ፤

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። በሥራ ብዛት ስለዘገየሁ ይቅርታ። የላክሻቸው ወረቀቶች ደርሰዋል። የክፍሉ አለቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አያቸው፤ ሌሎችንም ጠርቶ አሳያቸው። ለአንድ ፍሬ ሴንሰር ብዬ ቆሜ ገባሁ፤ ወንበር ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ መጋዘን አልተመለስኩም። አሁን እዚያው ክፍል፣ በመስኮት በኩል ነው የምቀመጠው። በስሜ ይጠሩኛል።

ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር ምን ያህል መድኃኒት ይገፋል? ሲሪንጁን የሚይዘውን መያዣ በሁለት ወገን ሳይሆን በአንድ ወገን ያደረግሽው ለምንድን ነው? ባትሪው ሊያልቅ ሲል ምን እንዲሆን አሰብሽ? መልሱን ቶሎ ብትልኪልኝ ጥሩ ነው። ወረቀቶቹን ወይም መሣሪያውን ለሌላ ሰው ባታሳዪ ይመረጣል፤ እዚህ ለእንዲህ ያለው ነገር ሕግ አለ።

የሴንሰሩ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው።

አክባሪሽ


ግንቦት 6

ለወንድሜ፣ መስኮት ዳር ለተቀመጥከው፤

ወንበሩ ይርጋልህ። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ቃል የቀበሌ ጸሐፊ ሲለኝ ነበር የማውቀው፤ ከቤታችን ልጅ አፍ ስሰማው ደብዳቤው የአንተ መሆኑን ፊርማውን አይቼ ነው ያመንኩት። ፊርማህም ተቀይሯል። «ምራቂ» የት ሄደ?

ጥያቄህን ልመልስ። አንድ ዙር የሚገፋው ሁለት ጠብታ ነው፤ ለእሱ ስል ቶርኖውን ሦስት ዘንግ አስጥየዋለሁ። መያዣው በአንድ ወገን የሆነው አባባ ሲሪንጁን በአንድ እጃቸው ማውጣት እንዲችሉ ነው፤ ሌላው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ነው የሚውለው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንደ አውቶቡስ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ ያን የጠየቁኝ አባባ ናቸው። እነሆ፣ አንድም አላስቀረሁብህ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ሴንሰሩ በዚህ ከመጣ ብዬ ነው። ግን አንተዬ፣ እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር፣ አንተ የምትጠይቀኝ ለምን በዛ? የጠረጠርኩትን ወረቀት ላይ ማስፈር አልፈልግም። የጻፉት ነገር እውነት እየሆነ ያስቸግራል።

አባባ ወንበር እንደተሰጠህ ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁህ። ዘርግተው ብዙ አልቆዩም፣ ወረደባቸው። ሐኪሟ በየሳምንቱ መርፌውን ከፍ እያደረገችላቸው ነው፤ አሁን ከቀኑ አብዛኛውን ጋራዥ ናቸው። የእኔዋ መሣሪያ መደርደሪያው ላይ ሆና ሙሉ ናት፤ አንድ ጥፍር የሚያክል ነገር ብቻ ጎድሏታል።

እታለም


ነሐሴ 21

ለእታለሜ፤

እልል በይ! ይህን ደብዳቤ የያዘው ሰው ካርቶንም ይዟል። ክፈችው። ምራቂነቴ አይለቀኝም፤ አንድ ሴንሰር ለመንሽኝ፣ ሙሉ መሣሪያ ላክኩልሽ። ሴንሰር አለው፣ ሲታፈን ይቆማል፣ ቁጥሩን በብርሃን ያሳያል፣ ሐኪም የሚቀበለው ማኅተምም አለበት። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከአለቃዬ ለምኜ ነው ለጋሼ ያስወጣሁት። እንግዲህ አንቺም ከብረት ጋር መታገሉ ይብቃሽ። ያ በመስኮት ፍሬም የተሠራው ታሪክ ሆኖ ይቀመጥ።

ምናልባት ቅር ይልሽ ይሆናል። ማን ሠራው ሲሉኝ የቤተሰብ ሥራ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርኩም። ብነግራቸውስ? ፊርማ፣ ውል፣ ጠበቃ እየተባለ ወረቀቶችሽ አንድ መሳቢያ ውስጥ ያረጁ ነበር። ጋሼ ያን ያህል ይጠብቃሉ? አንቺ አንዲት ትሠሪ ነበር፤ አሁን በሺህ ይሠራል፤ ስንት አባት ይተኛል ብለሽ አስቢ። አንድ ቤት አይደለን? ስም ምን ያደርጋል፣ ጋሼ ከቀለላቸው?

ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ የማስታወቂያ ወረቀት አለ። ፎቶዬ አለበት። ለጋሼ አሳዪያቸው።

ምራቂ


መስከረም 11

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ካርቶኑ በደህና ገብቷል። ሐኪሟ እንደ ቃሏ በእጇ ገጠመችላቸው፤ ቱቦውን አጠፈችው፣ ቆመ፤ አቃናችው፣ ሄደ። አባባ ነቅተው ዋሉ። ፊታቸውን ታጥበው ደጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ሰላም አሉ። እናመሰግናለን። ይህን ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ ሌላውንም ከልቤ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የአባባን ቃል ላድርስ። «እንዳለ ጻፊው» ብለውኛል፤ እንዳለ ነው፦

«ልጄ ምራቂ፣ እጅህ ይባረክ። የነካኸው ሁሉ ይለምልም። አሁን መንገድ ላይ ነኝ፣ በሦስተኛ ማርሽ። ያንን የአውቶቡስ ጥሩምባ እንዴት አሰብከው? የእኔን ነገር አልረሳህም። የእህቴ ልጅ ለእኔ መሣሪያ ሠራልኝ ብዬ ለመንደሩ ተናግሬያለሁ። እድሜዬን ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ።»

ቃላቸው ይኸው ነው። ጽፌ ስጨርስ ወደ እኔ ዞረው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝና «አንቺም ሞክረሽ ነበር ልጄ፤ ሙከራሽ አይከፋም ነበር» አሉኝ። እሺ አባባ አልኩ።

ጥሩምባውን ማን እንደጠየቀ ረስተዋል። መርፌው ብዙ ነገር አስረስቷቸዋል። ባስታውሳቸው ያስታውሱ ነበር። ግን ያን ደስታ አይተኸው ቢሆን አንተም አፍህን ትይዝ ነበር፤ ለነገሩ አፍ መያዙን ከእኔ ይልቅ ታውቅበታለህ።

ሐኪሟ ከመግጠሟ በፊት መሣሪያውን ንድፉን ባወጣሁበት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼው ነበር። ያልከፈትኩት ነገር አምኜ አላውቅም። ዘንጉ በአንድ ዙር ሁለት ጠብታ ይገፋል። መያዣው በአንድ ወገን ነው። የአባባ እጅ ያወላገደው መስመር ተቃንቷል፤ ስላቃናህልኝ አመሰግናለሁ። ሴንሰሩ ከሲሪንጁ ጀርባ ተቀምጧል፣ ጥፍር ያክላል፣ ቁጥሩም ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጀርባ የጻፍኩልህ ቁጥር ነው። የጠየቅኩህ እንግዲህ ደርሷል። አውጥቼ የእኔዋ ላይ ብገጥመው በአንድ ቁጭታ ትሠራለች። ግን ያኔ የትኛውን ለአባባ ልስጥ? ማኅተም ያለውን ፈትቼ ማኅተም የሌለው ላይ ባደርግ ሐኪሟ ሁለቱንም አትነካም። ብፈታው እሳቸውን ያማቸዋል፣ ባልፈታው እኔን ያመኛል። እኔን ይመመኝ ብዬ ከደንኩት።

ከመክደኔ በፊት ላሜራውን አየሁ። ሞተሯ መሀል ላይ ናት፣ የክብሪት ቤት ታህላለች። ከእሷ ራቅ ብለው፣ ምንም ያልታሰረባቸው፣ ጥርሳቸው የሚያብረቀርቅ አራት ቀዳዳዎች አሉ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ የማስታወቂያ ወረቀትህን አነበብኩ። ፎቶህ ያምራል፣ ወፍረሃል። «ለታመመ አጎቱ ሲል በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የፈጠረው» ይላል። የማን ወጥ ቤት? አንተ ወጥ ቤት ውስጥ ከስኳር ዕቃው ሌላ ምን ነክተህ ታውቃለህ? ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሞተሩ እንዳይግል የሚያደርጉ አራት ልዩ የአየር ማስገቢያዎች» ይላል። እዚህ ላይ ሳቅ አፈነኝ። ያን ሁሉ የተማረ ሰው ሰብስበህ የአንተን ትልቅ ሞተር ጠባሳ በሺህ አስበሳሃቸው! ምን እንደሆኑ ሲጠይቁህ አየር ነው አልክ አይደል? አላውቅም ማለት አቅቶህ። አላውቅም፣ የሠራችው ታውቃለች ብትል እኮ እኔ ጋ ይደርሱ ነበር። አባባ ከደጅ ሆነው «ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። ምራቂ የጻፈው ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ በዓመታቸው ሳያማቸው ሳቁ። ይህንንም ካንተ ነው ያገኘሁት፤ ምን እንደማደርግብህ ግራ የገባኝ ለዚህ ነው።

ስም ምን ያደርጋል ብለሃል። አንተ መደርደሪያ ተብለህ ስትጠራ ምን እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር። ወረቀትህ ላይ አጎት አለ፤ የአጎት ልጅ ግን የለችም። ጠበቃ አላቆምብህም፤ አባባ በሕይወት እያሉ የዚህን ቤት ገመና አደባባይ አላወጣም። ለእሳቸውም አልነግራቸውም። ሲደውሉልህ ምርቃታቸውን ተቀበል፣ «አሜን» በል። ድምፅህ እንዳይሰበር ብቻ፤ ሹፌር ናቸው፣ ሞተር ሲንተፋተፍ ከሩቅ ይሰማሉ።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ዕቃ የለም። ባዶ እጄን ግን አልጽፍልህም፤ በዚህ ቤት ወጉ አይደለም። ከደብዳቤው ጋር በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ጥቁር ብሎኖች አሉ። አደራ ብዬ ካስቀመጥኳቸው ቦታ ነው ያወጣኋቸው። ምራቂ ናቸው። አለቃህ ጠረጴዛ ላይ ከሺው መሣሪያ አንዱን ክፈትና የአየር ማስገቢያ ባልካቸው ቀዳዳዎች አስገባቸው።

ልክ ይገባሉ።

የአጎትህ ልጅ